ስለ እናትሽ ጠየቅሽ፤ ልጅቷስ?

ጥያቄው ረዘም ያለ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦

«ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ሴት ሆኜ ሴት እንደምወድ የገባኝ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ፣ የሰፈር ጓደኛዬን ስወድ ነው። አሁን የምኖረው ውጭ አገር ነው። ስለዚያ ዕድሜዬ ብቻዬን የምጫወተው የ60 ደቂቃ ተውኔት እየጻፍኩ ነው። መግቢያው ‹ገና ከልጅነቴ ጀምሮ ከሌሎቹ የተለየሁ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር› ይላል። እናቴና ወንድሞቼ አሁንም ድሬ ናቸው። እናቴን ሳላጋልጥ፣ እኔም ሳልዋሽ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ያነበበው ጓደኛዬ ደግሞ ‹ይሄ ኑዛዜ እንጂ ቴአትር አይደለም› ብሎኛል።»

እሺ እህቴ። እኔ እዚሁ ድሬ ተውኔት ሳዘጋጅና ወጣቶችን ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕግ አዋቂ አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም። የምመልስልሽ በማውቀው በመድረኩ በኩል ነው።

ከጓደኛሽ ልጀምር፣ የሱ ቶሎ ያልቃል። ሰው የራሱን ሕይወት ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ሲወጣ «ይሄ ቴአትር አይደለም» ማለት የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ካረን ፊንሊ፣ ጆን ፍሌክ፣ ሆሊ ሂውዝና ቲም ሚለር ለሚባሉ አራት አርቲስቶች፣ ገምጋሚዎች ያጸደቁላቸውን ገንዘብ ከለከለ። አራቱም ብቻቸውን የሚጫወቱ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች። ከሰሱ። ገንዘቡን በ1993 አገኙት። ተቋሙ ገንዘብ ሲሰጥ «ጨዋነትን» ከግምት ያስገባ የሚለውን አንቀጽ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ አጸናው። ድጋፍ ልትጠይቂ ካሰብሽ ይሄን ታሪክ እወቂው። የአንድ ሰው ተውኔት አንድ ወንበርና አንድ ሻንጣ ይበቃዋል፤ ገንዘብም ፈቃድም ያጣ ሰው ወደሱ የሚሄደው ለዚህ ነው። እኛም ብንሆን መነባንብ እያየን ያደግን ነን፣ ብቻውን ለሚናገር ሰው እንግዳ አይደለንም። ስለዚህ ቅርጹ ቴአትር ነው ወይ ካልሽኝ አዎ፣ ነው። ያንቺ ጽሑፍ ቴአትር ሆኗል ወይ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ እዚያ ላይ ጓደኛሽ ትንሽ እውነት አለው።

ኑዛዜ ላይ የሆነውን ታወሪያለሽ። ቴአትር ላይ ግን የሆነው ነገር ሰው እያየ እንደገና ይሆናል። መግቢያሽ የሚያወራ መግቢያ ነው። «ከሌሎቹ የተለየሁ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር።» አቦ፣ ይሄን የማይል ማን አለ? በግራ እጁ የሚጽፈውም ይለዋል፣ ከክፍሉ ልጆች በቁመት የምትበልጠውም ትለዋለች፣ ሒሳብ የማይገባውም ይለዋል። ተመልካቹ ራሱን ይነቀንቅልሻል፣ ግን ገና ምንም አላየም።

እስቲ ይሄን እዪ። ለምሳሌ ብዬ የፈጠርኩት ነው፦

«ቀትር ነው። መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። እማዬ ሰሌኑ ላይ ጋደም ብላለች። እኔ የጎረቤታችንን ልጅ ሹሩባ እየሠራሁ ነው። አንዱን ጨረስኩ። ፈታሁት። እንደገና ጎነጎንኩ። ፈታሁት። ሦስተኛ ስጀምር እማዬ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ ‹አንቺ፣ ይሄ ጸጉር ዛሬ አያልቅም?› አለችኝ።»

ፍቅር የሚል ቃል የለበትም። የተለየሁ የሚልም የለበትም። የድሬን ቀትር ታውቂዋለሽ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው የጀመረውን ቶሎ ጨርሶ ጥላ ፈልጎ መጋደም ነው የሚፈልገው። ይቺ ልጅ ግን የጨረሰችውን ትፈታለች። ለምን እንደምትፈታው ተመልካቹ ራሱ ይድረስበት። እናትየዋ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? እኔም አላውቅም፤ ዐይኗን ያልገለጠችው ለዚሁ ነው።

አጨዋወቱንም ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ያማረ ነገር መድረክ ላይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠሻል። ልጅቷ መሬት ላይ፣ ጉልበቶችሽ መሃል ናት። የለችም እንግዲህ፣ ጣቶችሽ ብቻ ናቸው ያሉት። ዐይንሽ ሁልጊዜ እዚያችው ከፍታ ላይ ይውረድ፤ አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ልጅቷ ድንገት አደገች ማለት ነው፣ ተመልካቹም ያያታል ያልሽው ሰው ይጠፋበታል። እናትየዋ በስተቀኝ ወለሉ ላይ ናት፣ እሷም ቦታዋን አትለቅም። እናትየዋን ስትሆኚ መጋደም የለብሽም። ዐይንሽን ጨፍኚ፣ ትከሻሽን ጣዪ፣ ዝግ ብለሽ ተናገሪ፣ በቃ። ከዚያ ልጅቷ ሆነሽ ስትመለሺ መጀመሪያ ወደ ሰሌኑ እዪ፣ ቀጥለሽ ወደ ጣቶችሽ። ጀማሪ ሁሉ በድምፅ ነው የሚጀምረው፤ እናቱን ሲሆን ያቀጥናል፣ አጎቱን ሲሆን ያጎረንናል፣ ሳያስበው ኮሜዲ ይሆንበታል። መጀመሪያ ዐይን ነው፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ ቀጥሎ ፍጥነት። ድምፅ መጨረሻ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ሳትጠሪው ይመጣል።

ጣቶቹ ሲጎነጉኑ እንደ ልማዳቸው ይፍጠኑ፣ ሲፈቱ ግን ዝግ ይበሉ። ሙዚቃ አታስገቢበት። የቬንትሌተሩን ድምፅ ግን ተመልካቹ ገና ወንበር ሲይዝ ጀምሮ አሰሚና «መብራት ሄደ» ስትዪ አቁሚው። ሲሰማው እንደነበር የሚገባው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስለ እናትሽ ጠየቅሽኝ። ወንድሞችሽንም አነሳሽ። የሰፈር ጓደኛሽን ግን አንዴ ጠቅሰሻት አለፍሽ። እሷስ?

እስቲ አስቢው። አንቺ ወጥተሻል። እናትሽ ታዝን ይሆናል፣ ታፍር ይሆናል፣ ጎረቤት ያማት ይሆናል። ቀላል ነው አልልሽም፣ ግን እናትሽነቷን ማንም አይነጥቃትም። ያቺ ልጅ ምናልባት ዛሬ ድሬ ውስጥ ባለትዳር ናት፣ ልጆች አሏት፣ ጠዋት የምትገባበት መሥሪያ ቤት አላት። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። የልጅነት ነገር ፍርድ ቤት ይደርሳል እያልኩሽ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ እዚያ ቆሞ እያለ ስሟ የተነሳባት ሴት ተበደልኩ ብላ የምትሄድበት ደጅ የላትም። ባሏ ቢያስወጣት፣ አለቃዋ ቢያሰናብታት፣ ማን ጋ ሄዳ ምን ብላ ትከሳለች? በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ታስታውሻለሽ። ቲክቶክ ላይ ሰው ስምና ፎቶ እያወጣ «እከሌ እንዲህ ነው» ሲባባል ከረመ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ባለሥልጣናቱ በጥቆማ ሆቴልና መጠጥ ቤት ላይ እርምጃ እንወስዳለን አሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሷ ስም ካንቺ ስም ጋር አብሮ እንዲነሳ የሚያደርግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሪው ልጅቷን መሰወር ነው። ስም መቀየር ደግሞ መሰወር አይባልም። ድሬ ላይ ሰው ሲያገኝሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ሰፈርሽ የት ነው?» ብሎ ነው፣ ቀጥሎ «የማን ልጅ ነሽ?»። ሁለቱን ከመለስሽ ሦስተኛ ጥያቄ የለም። ከዚራ ሰፈር ያደገች፣ አባቷ ምድር ባቡር ሲሠሩ የነበሩና ፈረንሳይኛ የሚያውቁ፣ ደቻቱ ወንዝ በሞላ ዓመት ስምንተኛ ክፍል የነበረች፣ ይሄን ሁሉ ካልሽ በኋላ ስሟን «ሳራ» ብትያት ምን ዋጋ አለው? ጎርፉን በተለይ ተጠንቀቂው። 1998 ዓ.ም. ክረምት ነው። የዚያን ሌሊት የት እንደነበረ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም፣ በሕይወት ለቀረው ማለቴ ነው። ተውኔቱ ውስጥ ካስገባሽው ዕድሜሽን ተናገርሽ፣ እሷ አብራሽ ካለች ዕድሜዋንም ተናገርሽ። አታስገቢው አልልሽም፣ እንዲያውም ባታስገቢው ይቆጨኛል። እሷ ግን እዚያ ትዕይንት ውስጥ አትኑር።

ሁለት ሦስት ሰው አዋህደሽ አንዲት ልጅ ፍጠሪ። ከዚራ ከሆነች ደቻቱን አሻግሪያትና መጋላ አኑሪያት። ቁመቷን፣ የቤታቸውን ሁኔታ፣ የወላጆቿን ሥራ፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነች፣ ሁሉንም ቀይሪ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ይሄን ውጭ ያለ አዘጋጅ ሊያይልሽ ስለማይችል። ሰው ስትቀይሪ ክፉውን ሰውዬ ወደ ጎረቤት እንዳታዛውሪው። ሲያስፈራራሽ የነበረው የገዛ አጎትሽ ሆኖ ሳለ እንዳይታወቅ ብለሽ ሶማሌ ወይ ኦሮሞ ወይ ሐረሪ፣ ወይ የሌላ ሃይማኖት ሰው ብታደርጊው ያንቺን ቤት ጥፋት የሌላ ሰው ቤት ላይ ጣልሽው። ድሬ ተደባልቆ የሚኖር ከተማ ነው። ውጭ ያለው ተመልካች ልዩነቱን አያውቀውም፣ እኛ ግን ወዲያው እናየዋለን፣ እንቀየማለንም።

ከዚያ ብዕር ያዢና ጽሑፍሽን ከላይ እስከ ታች ሂጂበት። «እሷ አለችኝ»፣ «እሷ ነካችኝ»፣ «እሷ አለቀሰች» የሚል ቦታ ሁሉ አስምሪበት። እያንዳንዱን «እኔ» ወደሚል መልሺው፤ እኔ ምን አየሁ፣ ምን ጠበቅኩ፣ እጄ ምን ሠራ። እምቢ የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ አውጪው፣ ያንቺ አይደለም። ወደ ሹሩባው ተመለሺና እዪው። ልጅቷ ምንም አላደረገችም። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትውደድሽ አትውደድሽ ተውኔቱ አይናገርም። ቁጭ ብላ ጸጉሯን ተሠራች፣ ሌላ ምንም የለም። ጸጉሯን ስለተሠራች ሚስቱን የሚያባርር ባል ድሬ ውስጥ የለም። ትዕይንቱ ደግሞ በዚህ የተነሳ አልቀዘቀዘም፤ ፍላጎቱ በሙሉ አንቺ ጣት ላይ ስለቀረ እንዲያውም ጋለ። ልጅቷን መጠበቁና ጥሩ አድርጎ መጻፉ አንድ ሥራ ነው የሆነው።

«እኔም ሳልዋሽ» ብለሻል። ይሄ ሁሉ ለውጥ ውሸት አይደለም ወይ ልትዪኝ ነው። ሐና ጋድስቢ የሚባሉ አውስትራሊያዊ ኮሜዲያን አሉ። ያደጉት ታዝማኒያ ነው፤ እዚያ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ ወንጀል ነበር፣ ከአውስትራሊያ ግዛቶች ሁሉ መጨረሻ የተሻረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ብቸኛ ትርኢት መጀመሪያ አካባቢ፣ አንድ ሰውዬ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወንድ መስለውት ሊደበድባቸው ሲል ሴት መሆናቸውን አይቶ እንደተዋቸው በሳቅ ያወራሉ። አዳራሹ ይስቃል። ወደ መጨረሻ ላይ ወደዚያው ታሪክ ይመለሱና ሰውዬው ተመልሶ መጥቶ እንደደበደባቸው ይናገራሉ። ለሳቁ ሲሉ ቆርጠውት የነበረው ይሄን ነው። እኔ መለኪያዬ እሱ ነው። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብለሽ የቀየርሽው ነገር ሕሊናሽን አያስጨንቅሽ። ራስሽን ለማሳመር ወይ ተመልካቹ እንዳይከፋው ብለሽ የቆረጥሽው ነው ውሸቱ።

ለምሳሌ፣ እንዳይጠረጥሩሽ ብለሽ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ሆነሽ የሆነች ሴት ላይ ወይ የሆነ ለስላሳ ልጅ ላይ አሹፈሽ ታውቂ እንደሆን አላውቅም። ያላደረገው ጥቂት ነው። ካለ ይግባ፤ ማንንም አያጋልጥም፣ ካንቺ በቀር። እንዲህ ያሉ ተውኔቶች የሚታመሙት ተራኪዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ተበዳይ ሆና ስትቀር ነው። ታሳዝኛለሽ፣ ግን ሃያ ደቂቃ ላይ ተመልካቹ ሰዓቱን ያያል።

እኛ ጋ የአንድ ሰው ተውኔት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው «እያዩ ፈንገስ» ነው፤ በረከት በላይነህ የጻፈው፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተው። እያዩ እብድ ነው፣ እብድ ያሻውን ይናገራል። ግሩም ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ የተባለው ሁሉ የእያዩ ሆኖ ይቀራል። አንቺ ይሄ መጠለያ የለሽም። መብራቱ ጠፍቶ ሲበራም ያቺው ነሽ። አንድ መካከለኛ መንገድ ግን አለ። መድረኩ ላይ «እኔ» በዪ፣ ማስታወቂያው ላይ ግን «እውነተኛ ታሪክ» የሚል አይጻፍ። አዘጋጆች ይሄን ቃል ይወዱታል፣ ትኬት ይሸጥላቸዋል፣ ስለዚህ ይከራከሩሻል። አንቺም ድርቅ በዪ። መርሐ ግብሩ ላይ «ሰዎችና ሁኔታዎች ተቀይረዋል» የሚል አንድ መስመር አስገቢ። ሌላም ምክንያት አለው፦ የጥገኝነት ጉዳይሽ ገና ያልተዘጋ ከሆነ ለባለሥልጣን የሰጠሽው ቃልና መድረክ ላይ የምትዪው ሊለያይ ነው፣ ልጅቷን ቀይረሻታላ። ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ጠበቃሽ ይወቅ።

እናትሽ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣልኝ እናት ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። የድሬ እናት መቼ ነው ቆማ የምታለቅሰው? ቀፊራ ገበያ ወርዳ፣ ተከራክራ፣ ገዝታ፣ በባጃጅ ተመልሳ፣ ዕቃውን እያወጣች ነው የምትቆጣሽ። ሥራ ስጫት። እጇ ምን ያደርጋል? ምን ትል ነበር ሰው ሲያናድዳት? ሲያስቃትስ? የተውኔቱን ምርጥ ቀልድ ለሷ ስጪያት። ተመልካቹ ስቆ ከወደዳት በኋላ የምትናገረው ክፉ ቃል ያኔ ይሰማዋል፤ ከመጀመሪያው ክፉ ሆና ከገባች ግን ምን ብትል አይደንቀውም። ቃሏንም በአማርኛ ተዪው፣ ተውኔቱ በእንግሊዝኛም ቢሆን። «ይሄ ጸጉር ዛሬ አያልቅም?» የሚለውን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከጣትሽ ድንጋጤ ይረዳዋል።

ልንገራት ወይ የሚለውን እኔ አልወስንልሽም። ስላንቺ የምታውቅ ከሆነ ግን ከሰው ስልክ ላይ ከምታየው ካንቺ አፍ ትስማው፣ ቢያንስ ወራት ቀደም ብለሽ። ሙሉውን አታንብቢላት። የሷን ቃላት ብቻ ንገሪያት፤ «እንዲህ ብለሻል ብዬ ልናገር ነው» በያት። አንዳንዷ እናት «እንደሱ አላልኩም» ትልና ካንቺ ጽሑፍ የተሻለውን ትነግርሻለች። «እኔን አታስገቢ» ካለች ደግሞ አታስገቢ። ሰሌኑን ባዶውን አንጥፊው፣ ጥያቄው ከአያት ይምጣ ወይ ከማንም አይምጣ። ጨርሳ የማታውቅ ከሆነና ወንድሞችሽ የሚያስፈሩ ከሆኑ ይሄ ተውኔት ለጊዜው የምትለማመጂው እንጂ የምታሳዪው አይደለም። ደስ አይልም፣ ግን እንደሱ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ብቻዬን እጫወታለሁ ማለት ብቻዬን አዘጋጃለሁ ማለት አይደለም። ከውጭ የሚያይሽ አዘጋጅ የግድ ያስፈልግሻል። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የምታለቅሺ ከሆነ ያንን ትዕይንት ወደ ጎን አድርጊው፣ አልደረሰም። አንቺ ካለቀስሽ ተመልካቹ ምን ይሥራ? ከሐበሻም አንድ የምታምኚው የድሬ ልጅ ልምምድ ላይ ይገኝልሽ። ፈረንጁ ከመሳቁ በፊት እሱ የሚስቅበት ቦታ ከሌለ ጽሑፉ ለውጭ ሰው የተሠራ ማብራሪያ ሆኗል። አዘጋጅሽም «ባህሉን ግለጪልን» ይልሻል፣ ረከቦትና ጀበና መድረኩ ላይ ሊያስቀምጥልሽ ይፈልጋል። ቡና የሚፈላበት ትዕይንት ከሌለሽ ጀበናው ምን ይሠራል? ሰሌን ምን እንደሆነ አታስረጂ። እናትየዋ ተጋድማበታለች፣ ገብቷቸዋል።

ስለ ርዝመቱ ብዙ አልልም። ፌስቲቫል ላይ ልትወስጂው ካሰብሽ፣ እንደ ኤዲንብራ ፍሪንጅ ያለው ላይ፣ ብዙ ክፍሎች የሚሰጡሽ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዕቃ ማስገባትና ማውጣቱም ከዚያው ላይ ስለሚቆጠር ጽሑፍሽ 50 ደቂቃ ይሁን። በገጽ አትለኪው። ሹሩባው ግማሽ ገጽ አይሞላም፣ ሲጫወቱት ግን ደቂቃዎች ይበላል።

ትልቁ ራስ ምታትሽ ስልክ ነው። ተውኔቱን አንድ አዳራሽ ሰው ቢያየው ምንም አይደለም፤ ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ግን በአንድ ማታ ድሬ ይገባል። ቀረጻ ክልክል ነው ብሎ ማስነገር ብቻውን አይበቃም። ስልኩን በር ላይ ተቆልፎ በሚሰጥ ከረጢት የሚያስይዙ አዳራሾች አሉ፣ ጠይቂያቸው። አዳራሹ ራሱ ለማስቀመጫ ብሎ ይቀርጽ እንደሆን፣ ቀረጻው ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሁሉም ውሉ ላይ ይጻፍ። ለማስታወቂያ የሚሆን ቪዲዮ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ የድሬ ስም፣ የሰፈር ስም፣ ስለ ልጅቷ የሚያወራ ነገር አይኑርበት። ጽሑፉንም ድሬ ወዳለ ስልክ በቴሌግራም አትላኪ። ስልክ ከእጅ እጅ ይሄዳል፣ ወንድም የእህቱን ይከፍታል፣ ጥገና ቤት ይገባል።

ድሬ ላይ ላሳየው ብለሽ እንዳታስቢ። ሳሎን ውስጥ ለአምስት ሰው ማንበብም አይሆንም፤ አደጋው ተነሥተሽ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ለምትሄጂው ላንቺ ሳይሆን እዚሁ ለሚቀሩት ለአምስቱ ነው።

ከትርኢቱ በኋላ ውይይት ካለ ደግሞ ተዘጋጂ። «እናትሽ ምን አለች?» የሚል አይጠፋም። «ልጅቷ አሁን የት ናት?» የሚልም ይመጣል፣ ያውም በቅንነት፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ። ያን ሁሉ ደቂቃ የሰወርሻትን ልጅ ደክሞሽ፣ ልብሽ ተከፍቶ ባለበት ሰዓት በአንድ መልስ ታወጫታለሽ። መልስሽን እንደ ቃለ ተውኔት አጥኚው፣ አዘጋጅሽ በር ላይ እየጠየቀ ያለማምድሽ። «እሷ ገጸ ባሕርይ ናት» ካልሽ ይበቃል። ፈገግ ብለሽ በዪውና ወደሚቀጥለው እጅ እለፊ።

የመርሐ ግብሩ መጨረሻ ላይ ምስጋና የሚባል ገጽ አለ፣ ሰው ስሜቱ ገንፍሎ የማያስገባው የለም፤ የልጅነት አስተማሪ፣ የሰፈር ልጆች፣ አክስት። ድሬ ያለ ሰው ስም አንድም እዚያ ላይ አይውጣ። የኔንም ጨምሮ።